የመኪናዎን ቀለም የቧጨረው እንፋሎት አይደለም

ከሚሴ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመንገድ ዳር አገልግሎቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሰላምታ በፊት ፍሬ ነገር ማስቀደም በአገራችን ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ እርስዎ የሚላኩ ማመልከቻዎች ከመጀመሪያው አንቀጽ በታች የመነበብ ዕድል እንደማይገጥማቸው በልምድ ስለ ተማርሁ፣ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባውን መጀመሪያ ልናገር። የመኪናን ቀለም የሚቧጭረው እንፋሎት አይደለም። እንፋሎት ውኃ ነው፤ የሞቀ፣ የቀለለ፣ ጥርስም ጥፍርም የሌለው ውኃ። የሚቧጭረው በአቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ነው፤ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ ማንንም አይጎዳም፤ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ሲታሽ ግን ቀለሙን እንደ ሞረድ ይበላል። ይህን ከተረዱልኝ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

አሁን ሰላምታዬን ላድርስ። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ቡልታን? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ደህና ነው? የቢሮዎስ በር እንዴት ከረመ? ሲከፈት አይቼው ስለማላውቅ ማጠፊያው ዝጎ እንዳይሆን እሰጋለሁና ዘይት ቢያስቀቡት መልካም ነው እላለሁ።

አብዱልጀሊል ዑመር እባላለሁ። በዚህ ከተማና በአካባቢው ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ልጄ ስለ ሳቢራና በግቢዎ ውስጥ ታሽጎ ስለተቀመጠው የመኪና ማጠቢያ የእንፋሎት ማሽኗ ነው። ጉዳዩን በአካል ላስረዳ በተደጋጋሚ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ሁልጊዜ በታላቅ ትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለሚሉኝ፣ የሚሰበሰቡበት ጉዳይ የእኔን ማሽን የሚመለከት ከሆነ እስካሁን አንድ ውሳኔ ላይ ሳይደርሱ አይቀሩም ብዬ በተስፋ ኖሬአለሁ። ተስፋዬ እያለቀ ስለሆነ ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እያነበበው እንዲደርስዎ አድርጌዋለሁ። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሳቢራ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት። የሄደችው ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ሴት ልጇን ዓፊያን ለእኔና ለባለቤቴ ለዙቤይዳ ትታ ነው። ዓፊያ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ሳቢራ ስትመለስ ልጅቱ አላወቀቻትም። ለእንግዳ ሴት እንደሚባለው «እትዬ» ትላት ጀመር። ሳቢራም አላረመቻትም። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ልጆች ሳርም የኖርሁት ሰውዬ፣ ያችን አንዲት ቃል ለማረም አፌ አልታዘዘኝም።

በአሠሪዎቿ ቤት ሳለች መኪና ሊያጥብ የሚመጣ ሰው ነበር። ባልዲ አይዝም፣ ብሩሽ አይዝም፤ አንድ ማሽንና አንድ እቅፍ ፎጣ ይዞ ይመጣል፣ መኪናውን መስታወት አስመስሎት ይሄዳል፤ የቆመበት መሬት ግን አይርስም። በመስኮት አየችው። ውላ አድራ ጠየቀችው። ሲፈቀድላት አጠገቡ ቆማ ተማረች። ወደ አገሯ ስትመለስ ወርቅም ጨርቅም ሳይሆን ያንን ዓይነት ማሽን ይዛ መጣች። ሳጥኑ ሲከፈት ዘመድ ሁሉ ከብቦ ነበር፤ ከውስጡ ቱቦ ሲወጣ ጊዜ አንዲት አክስቷ «ወይኔ ልጄ! የዓረብ አገር ሀብት ይኸ ነው? ይኸማ የጤፍ መድኃኒት መርጫ አይደል!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ሳቢራም አብራ ሳቀች። በማግስቱ የአጎቷን አሮጌ ሚኒባስ አጠበችላቸው። የአጎቷ ሚስት በሩ ላይ ፊቷን ካየች በኋላ ስለ ጤፍ መድኃኒት ዳግመኛ የተናገረ የለም።

ላቫጆዋን ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ ዳር ከፈተች። ከጨፋ ጥቁር ጭቃ ለብሰው የሚወጡ ባጃጆች፣ ሰንበቴ ገበያ ከብት አራግፈው የሚመለሱ የጭነት መኪኖች፣ ከቆላ ሲመለሱ ጨውና አሸዋ የተጋገረባቸው ፒካፖች ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ። አሠራሯን በጥቂቱ እንድገልጽልዎ ይፍቀዱልኝ፤ የታሸገው ነገር ምን እንደሆነ ያሸገው ሰው ቢያውቀው ደግ ነው ብዬ ነው።

መኪናው መጀመሪያ ጥላ ሥር ይቆማል፤ በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ያረፈ ጠብታ ሳይጠረግ ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋልና። ማሽኑ ውኃውን በጋዝ እሳት አፍልቶ በቱቦ ይለቀዋል። ጭቃ ካለ፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት እንፋሎቱ ከላይ ወደ ታች እያራሰ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ያደርገዋል። የቱቦው አፍ ከቀለሙ ስንዝር ያህል ይርቃል፤ አንድ ቦታም አይቆምም፣ እየሄደ ነው የሚነፋው። እንፋሎቱ በአሸዋውና በቀለሙ መካከል ገብቶ ያላቅቃቸዋል። ለስላሳው ፎጣ ከሥር ሆኖ የተላቀቀውን ይቀበላል። አያሽም፣ ክቡር ሆይ፤ ይቀበላል። ፎጣው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ሲቆሽሽ ይታጠፍና በንጹሑ ገጹ ይቀጥላል፤ ሁሉም ገጹ ሲያድፍ በሌላ ይተካል። መሬት የነካ ፎጣ ሳይታጠብ ወደ መኪና አይመለስም። ሳቢራ በዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም፤ አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ከመሬት ያነሳሁትን ፎጣ ላቀብላት ብል «አባ፣ ይኸ እኮ አሁን ሞረድ ነው» ብላ ከእጄ ነጥቃ ወደ ቅርጫቱ ወረወረችው። ድክመቱንም አልደብቅም። ቀለሙ በተላጠ ወይም በተሰነጠቀ ቦታ ላይ እንፋሎት አይነፋም፤ ልጣጩን ያነሳዋልና። ብርድ በመታው መስታወት ላይም በድንገት አይለቀቅም። የቆየ ጭረትንም አያጠፋም። አቧራውን አንስቶ ያሳየዋል እንጂ።

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነች ቤቴን ያፈረሰችው።

በበጋው ወራት፣ አቧራው አገሩን በሸፈነበት ሰሞን፣ ሾፌርዎ ጥቁሩን መኪናዎን ወደ ሳቢራ ይዞ መጣ። ሳቢራ ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ዙሪያውን አይታ «ወንድሜ፣ እዚህ በሩ ላይ ጭረት ያለ ይመስለኛል፤ አቧራው ሲነሳ ይታያልና አሁኑኑ እየው» አለችው። እሱም «አንቺ ብቻ እጠቢው፣ ጥቁር መኪና ሁሉ እንዲያ ነው» አላት። አጠበችው። ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው፣ ከጣሪያው እስከ ኋላ በሩ። በነጋው መኪናው ግቢዎ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያንጸባርቅ፣ በሮቹ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ፣ ግማሽ ክብ ግማሽ ክብ የሆኑ ጭረቶች ተመለከቱ። ያን ጊዜ «እንፋሎቱ ቀለሙን በልቶታል» አሉ። አብረውዎ የቆሙትም ሁሉ «በልቶታል፣ በልቶታል» ብለው አስተጋቡ። ከቀትር በኋላ ላቫጆው ታሸገ፤ ማሽኑም ተጭኖ ወደ ግቢዎ ገባ። ሐኪም ራጅ አንስቶ የተሰበረ አጥንት ቢያሳይ፣ አጥንቱን የሰበረው ራጁ ነው ተብሎ ራጁ እንደመታሰር ያለ ፍርድ ነበር። ፈጣን ፍርድ ስለሆነ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከጽሕፈት ቤትዎ ፈጥኖ የወጣ ነገር አላየሁም።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ወይም በትክክለኛ ስማቸው ምስጋናዎቼን፣ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ቦዩ አመሰግናለሁ። ከመታሸጉም በፊት ፈቃድ ልታወጣ ስትመጣ፣ ማንኛውም ላቫጆ የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ቦይ ሊኖረው እንደሚገባ ተነግሯት ነበር። እሷም የእኔ ሥራ የሚፈስ ውኃ የለውም፣ የሚወጣው ፎጣው ውስጥ ይቀራል ብላ አስረዳች። የማይፈስ ላቫጆ ላቫጆ አይባልም ተባለች። ደንብ ደንብ ነውና ልጄ ቆፈረች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አካፋ ይዤ አግዣታለሁ። ቦዩ አማረ፤ በድንጋይም ተነጠፈ። ከዚያ የመጣው ተቆጣጣሪ ዳር ዳሩን ዞሮ ካየው በኋላ «ቦዩ ደረቅ ነው፤ አይሠራም» ሲል አሳወቀን። ዙቤይዳ ይህን ስትሰማ «ታዲያ እኛው ባልዲ ባልዲ ውኃ እየቀዳን እናፍስበት?» አለች። ቀልዷን ነበር፤ እኔ ግን ጥቂት አስቤበት እንደነበር አልሸሽግም። ከወንዙ ዳር በብሩሽና በልብስ ሳሙና መኪና የሚታጠብበት፣ አረፋው ከብት ወደሚጠጣበት የሚወርድበት ቦታ ግን ሁልጊዜ የሚፈስ ውኃ ስላለው መስፈርቱን ያሟላል። ከብቶቹም ቅሬታ አቅርበው አያውቁም። ቢያቀርቡም ስብሰባ ላይ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። አስተማሪ ሆኜ ስለኖርሁ ክርክርን በሙከራ መፍታት ይቀናኛል። ከጋራዥ የተጣለ ጥቁር የመኪና በር ለምኜ አመጣሁና አቧራ አልብሼ መሀሉን በማጣበቂያ ወረቀት ከፈልሁት። ማሽኗ በእናንተ እጅ ስለሆነ ግራውን ወገን ከሚፈላ ድስት በተቀዳ እንፋሎት አራስሁና ፎጣውን ሳልጫን ተቀበልሁት፤ ቀኙን ወገን በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት። ውጤቱን ማየት መነጽር አይጠይቅም። በግራው በኩል ፊትዎን ያያሉ። በቀኙ በኩል በደንብ የታረሰ ማሳ ያያሉ። በሩን በባጃጅ አስጭኜ፣ ከውጭ ተንጠልጥሎ ሰው እየሳቀብኝ፣ ወደ ግቢዎ አደረስሁት። ዘበኛዎ ሙሄ ግን በሩ ላይ አቆመኝ። ሙሄ ደግ ሰው ነው፤ እጄን ስሞ፣ ሰላምታውን ጨርሶ፣ «ወላሂ መምህር፣ ሰው ይግባ ተብያለሁ እንጂ በር ይግባ የሚል ትእዛዝ የለኝም» አለኝ። የመኪና ዕቃ ለማስገባት ከእርስዎ የተጻፈ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለመጠየቅ ደግሞ እርስዎን ማግኘት። እኔ ላዝንበት ስል ሙሄ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ረኮን ሂንጂሩ መምህር፣ ችግር የለም፤ እዚሁ አጥሩ ሥር ይቁም፣ እጠብቅልዎታለሁ» አለኝ። እነሆ ቃሉን ጠብቋል። በሩ ዛሬም አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ባለጉዳዮች ተራ ሲጠብቁ ይደገፉታል፤ በቅርቡም የጠፋ አህያ የሚፈልግ ሰው በግራው ወገን፣ ንጹሕ በሆነው፣ ማስታወቂያ ለጥፎበታል። በጽሕፈት ቤትዎ አካባቢ አገልግሎት የሚሰጥ በር በመገኘቱ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፤ ለማሽኑ ስለተደረገለት መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ሳቢራ ማሽኑ ሲወሰድ «ውኃው ይውጣ፣ ሆዱ ውስጥ ውኃ ከከረመ ይዝጋል፣ ቱቦውም በደለል ይታፈናል» ብላ ለምና ነበር። የታሸገ ነገር አይነካም ተባለች። ስለዚህ ማሽኑ ውኃውን በሆዱ እንደያዘ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ጥግ ሥር ተቀመጠ። የበልጉ ዝናብ በላዩ ወረደ። አሁን ደግሞ ከደጋው በኩል የክረምቱ ደመና ሲከመር እያየሁ ነው። ባለፈው ስመጣ የማሽኑን እጀታ የአረፋ በግ ታስሮበት አገኘሁት። የማን በግ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በጉ ጤነኛ ነው፤ ማሽኑም ከታሸገ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ፍጥረት ጠቅሟል። ይሁን እንጂ በጉ ማኅተሙን እየላሰው ስለሆነ፣ ከእርስዎ ቀድሞ ውሳኔ እንዳይሰጥ እሰጋለሁ።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ዘገየ።

በግቢዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ስለተቀመጥሁ ብዙ አየሁ። ጠዋት መኪናዎ ሲገባ፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። እርስዎ ወርደው ከገቡ በኋላ፣ ወይም ሊወጡ ሲሉ፣ ባለጉዳዩ ተሽቀዳድሞ ወደ መኪናው ይጠጋል፤ ወንዱ በሽርጡ ጫፍ፣ ሴቷ በሻርፗ፣ ሽማግሌው በጋቢው፣ አቧራውን ይወለውልልዎታል። ማንም አላዘዛቸውም። የእኛ ሰው ልማድ ነው። በአባቶቻችን ዘመን የተከበረ እንግዳ ከበቅሎው ሲወርድ የኮርቻውን አቧራ በልብስ ጫፍ ማራገፍ «አንቱን ማክበሬ ነው» ማለት ነበር። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ኮርቻ ቆዳ ነው፤ ቀለም የለውም፤ ቢታሽ ይወዛል እንጂ አይቧጨርም። በቅሎው ቀርቶ መኪናው ሲመጣ ልማዱ እንዳለ ተሻገረ። በጨፋ አቧራ ውስጥ ያለውን አሸዋ ግን ማንም አላሰበውም።

አንድ የጨፋ ገበሬ መኪናዎን ወልውለው ተመልሰው አጠገቤ ሲቀመጡ፣ ለምን እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። «ኧረ መምህር፣ መኪናው ምኔ ነው!» አሉኝ፤ «ጎንበስ ስል ምናልባት ያዩኝ እንደሁ፣ ይኸ ሰውዬ ዛሬም አለ እንዴ ይሉ እንደሁ ብዬ ነው እንጂ።» የሽርጣቸው ጫፍ ከመወልወል ብዛት ሳስቶ ነበር። ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝና ተነሥቼ መኪናዎን በዓይኔ መረመርሁ።

ክቡር ሆይ፣ የጭረቱ ቅርጽ የሰው ክንድ ሲዞር የሚሠራው ቅስት ነው። የበዛው በበሩ እጀታ ዙሪያ፣ እርስዎ በሚወርዱበት በኩል ነው። ወንበሩን በሚያየው ወገን ይደራረባል፤ ግድግዳውን በሚያየው ወገን ግን ፈልገው ካልሆነ አያገኙትም። ከዚያም የጽሕፈት ቤትዎን ደረጃ ወጥቼ ከፎቁ ሆኜ መኪናውን ወደ ታች ተመለከትሁ። ጣሪያው ላይ አንድም ጭረት የለም። እንፋሎቱ ጣሪያውንም አጥቦታል። ጣሪያው ላይ ያልደረሰው የባለጉዳይ እጅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ። እኔ ግን ሳስተምር እንደኖርሁት ልናገር ብባል፣ በመኪናዎ በር ላይ ያለው የሕዝብ ጽሑፍ ነው እላለሁ። በወረቀት ያቀረበው ሳይነበብ ሲቀር በልብሱ ጫፍ ጻፈው። መልስ በዘገየ መጠን ይወለውላል፤ በወለወለ መጠን ይቧጭራል። በሩ ቶሎ ቢከፈት ኖሮ መኪናዎ እንደ አዲስ ይኖር ነበር።

ይህን ካስተዋልሁ በኋላም ዝም ብዬ ተራዬን ለመጠበቅ ወስኜ ነበር፤ መጠበቅ ለምጃለሁና። ባለፈው ሳምንት ግን ሳቢራ «አባ፣ ዛሬ እኔም ልምጣ» ብላ ተከተለችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። መኪናዎ ገባ። ሰው ሁሉ ተነሣ። እርስዎ ወርደው በእኛ በኩል ሲያልፉ ሳቢራም ተነሣች፤ ልትናገርዎ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ መኪናው ሄደች፣ የሻርፗን ጫፍ ሰበሰበች፣ የደረቀውን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ትወለውል ጀመር። መሬት የነካ ፎጣ ከአባቷ እጅ የምትነጥቀው ልጅ፣ ክቡር ሆይ። እያንዳንዱ እንቅስቃሴዋ ምን እየሠራ እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ቀና ብላ የቢሮዎን መስኮት ታያለች፣ ትወለውላለች፤ ታያለች፣ ትወለውላለች። ተነሥቼ እጇን ያዝሁት። «ተይ ልጄ» አልኋት። «ሌላ የቀረኝ ነገር ምን አለ አባ?» አለችኝ።

ወደ ቤት ተመለስን። ደጃፍ ስንደርስ ነው ደላላ እንዳነጋገረች የነገረችኝ፤ እንደገና ልትሄድ ነው። በበረሃው በኩል፣ በዚያ ባሕር። ከዚያ መንገድ ያልተመለሱትን የሰፈራችንን ልጆች ስም እርስዎም እንደ እኔ ያውቃሉ፤ ለቅሶ ላይ አብረን ተቀምጠናልና። ለዚህ ምስጋና ላገኝለት ሞክሬ አቅቶኛል። ስለዚህ አራተኛውን ያለ ምስጋና ይቀበሉኝ።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ማሽኑ ይፈታ። ቦዩ ደረቅ መሆኑ እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ሥራው ውጤት ይቆጠር። ጥርጣሬ ከቀረዎ መኪናዎን ይዘው ይምጡ፤ ሳቢራ በእርስዎና በሰው ሁሉ ፊት፣ በፈለጉት ጥላ ሥር ታጥበዋለች። ከመጀመሯ በፊት እርስዎው ራስዎ ጭረቶቹን ይዩ፤ ስትጨርስ እንደገና ይዩ። አንድ አዲስ ጭረት ቢያገኙ ማሽኑን ለበጉ እተውለታለሁ። ለባለጉዳዮችዎም አንድ ቃል ያስተላልፉልኝ፤ መኪናውን አትወልውሉ ይበሏቸው። ይህን ሲነግሯቸው ወጥተው ፊት ለፊት ማነጋገር ግድ ይሆንብዎታልና፣ በዚያው ምን ሊነግርዎ እንደመጣ አንዱን ቢጠይቁት ጊዜዎን አይሻማም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ስብሰባዎን ይባርክልዎ፣ በርዎንም የሚከፈት ያድርግልን። እኔ የወንበርዎ ታማኝ ተቀማጭ፣ የደረቁ ቦይ ቆፋሪ፣ ከአጥርዎ ሥር የቆመው በር ባለቤት፣ በሙሉ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አብዱልጀሊል ዑመር
ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦ ተራ ለሚጠብቁ ሁሉ፤ በሩ ላይ፣ ከጠፋው አህያ ማስታወቂያ ጎን።

ማስታወሻ፦ ትናንት በግቢዎ ሳልፍ፣ በመኪናዎ የኋላ መስታወት ላይ በአቧራው ውስጥ በጣት «እጠቡኝ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። የእኔ ጽሑፍ እንዳልሆነ አረጋግጥልዎታለሁ፤ የእኔ ፊደል እንዲያ አይንጋደድም። እባክዎ በደረቅ ጨርቅ አያስጠፉት። ሳይቧጭር የሚያነሳው መሣሪያ እዚያው ግቢዎ ውስጥ፣ በጉ የታሰረበት ጥግ አለልዎ። ደላላው ከአረፋ ማግስት እመጣለሁ ብሏል። ዓፊያ ሳቢራን «እማዬ» ማለት የጀመረችው ገና በቅርቡ ነው። ስለ አላህ ብለው፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።